የፋብሪካ የአካባቢ ግብ በኪሎ ምርት ይለካ ወይስ በጠቅላላ? (የኮምቦልቻ ክርክር)

የመወያያ ጥያቄ፦ አንድ የኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ «በኪሎ ጨርቅ የምንጠቀመውን ውሃ በአምስት ዓመት 15 በመቶ እንቀንሳለን» ብሎ ቢያቅድ፣ ይህ ትክክለኛ ግብ ነው? (ጦሳና ጢጣ የተወያዮች መጠሪያ ናቸው፤ ሌሎቹ በፋብሪካ ክፍላቸው ተጠርተዋል።)

ጦሳ፦ አይደለም። ለማሳያ በቀን 5,000 ኪሎ ጨርቅ የሚያቀልም ፋብሪካ 550 ሜትር ኪዩብ ውሃ ይፈጃል እንበል። በኪሎ 110 ሊትር መሆኑ ነው። ምርቱ 10,000 ኪሎ ገብቶ ውሃው 950 ቢደርስ በኪሎ 95 ሊትር ይሆናል። ሪፖርቱ ላይ 14 በመቶ መሻሻል ይጻፋል፣ ወደ ቦርከና ወንዝ የሚወርደው ፍሳሽ ግን ከ70 በመቶ በላይ ጨምሯል። ወደ ጨፋ ወረድ ሲሉ በዚያው ውሃ አትክልት የሚያጠጣ፣ ከብቱን የሚያጠጣ ገበሬ አለ። ለእሱ የኪሎው ስሌት ምን ይረባዋል?

ማቅለሚያ ክፍል፦ ወንድሜ ጦሳ፣ ቁጥርህን ከፋፍለን እንየው። ከ550ው ውስጥ 150 ያህሉ ምርት ኖረም አልኖረም የሚሄድ ነው፦ የቦይለር ማፍሰሻ፣ የውሃ ማለስለሻው በጨው ሲታጠብ፣ የወለል እጥበት፣ መጸዳጃና ምግብ ቤት። የቀረው በኪሎ 80 ሊትር ነው። ትዕዛዝ ቀንሶ 2,000 ኪሎ ብቻ ከተቀለመ ጠቅላላው ወደ 310 ይወርዳል፣ በኪሎ ግን 155 ሊትር ይሆናል። ማንም ምንም ሳያጠፋ ውጤቱ ይበላሻል። በአንተ መንገድ ብንሄድ ደግሞ መብራት ጠፍቶ ወይም ቀለም በምንዛሪ እጥረት ዘግይቶ ማሽን ሲቆም «ግቡ ተሳካ» ይባላል። ሥራ መቆሙን እንደ መሻሻል መቁጠር ሠራተኛውን መበደል ነው።

ስለዚህ የአንድ ዓመት የየቀኑን ውሃና ምርት በግራፍ ላይ አስቀምጡና መስመሩን አውጡ። ምርት ዜሮ ላይ የሚነካበት ቦታ ቋሚው ፍጆታ ነው፣ የመስመሩ ተዳፋት (ለአንድ ተጨማሪ ኪሎ ጨርቅ የሚጨምረው ውሃ) ደግሞ የኪሎው። ለክፍሉ የሚሰጠው ግብ 80ውን ማውረድ ይሁን። መንገዱም ይታወቃል፦ ማሽኑን ሳይሞሉ አለማስነሳት፣ ለአንድ ኪሎ ጨርቅ 10 ሊትር ከሚይዝ ገንዳ 6 ሊትር ወደሚይዝ መሄድ፣ ቧንቧ ከፍቶ እያፈሰሱ ማጠብን ትቶ ሞልቶ እየደፉ ማጠብ።

ጦሳ፦ ለክፍሉ እቀበላለሁ። ሥራ አስኪያጁ የሚፈርምበት ግን በቀን ወደ ወንዝ የሚገባው የብክለት ክብደት መሆን አለበት። በሊትር ስንት ሚሊግራም ብቻ ከተጻፈ ማሳሳት ቀላል ነው። 400 ሜትር ኪዩብ ፍሳሽ በሊትር 600 ሚሊግራም ሲኦዲ (ቆሻሻውን በኬሚካል ለማቃጠል የሚያስፈልገው ኦክስጅን፣ የብክለት መለኪያ) ቢይዝ 240 ኪሎ ነው። ንጹሕ ውሃ ቀላቅለህ 800 ብታደርገው 300 ሚሊግራም ይነበባል፣ ክብደቱ ግን ያው 240 ኪሎ። ውሃ ማባከኑ ደግሞ ተጨማሪ ጥፋት።

ላብራቶሪ፦ ሁለታችሁም ልኬቱ ትክክል ነው ብላችሁ ነው የምትከራከሩት። ችግሩ እዚያው ነው። የ90 ዲግሪ ቪ ቅርጽ አፍ ባለው፣ ቦዩ ላይ እንደ ግድብ በሚቆም ሳህን የሚለካ ፍሳሽ፣ የውሃው ከፍታ 10 ሳንቲ ሲሆን በሰከንድ 4.4 ሊትር ነው፤ 11 ሳንቲ ሲሆን 5.5። የአንድ ሳንቲ ስህተት ሩብ ያህል ልዩነት ያመጣል! የጥጥ ብናኝ ሳህኑ ላይ ሲጠራቀም ከፍታው ያለ አግባብ ይጨምራል፣ ስለዚህ በየፈረቃው ይጠረግ። ከፍታውም አፉ ላይ ሳይሆን ከከፍታው አራት እጥፍ ያህል ወደ ኋላ ይለካ፣ ውሃው አፉ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ይላልና።

ናሙናም ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በአንድ ጠርሙስ ተቀድቶ አይሆንም። የቀለም ገንዳ ሌሊት ሊደፋ ይችላል። ለ24 ሰዓት በየሰዓቱ፣ እንደ ፍሳሹ መጠን እየተመጠነ ተቀድቶ ይቀላቀል። ለቢኦዲ (ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያፈርሱ የሚፈጁት ኦክስጅን) ምርመራ የሚሆነው በበረዶ 4 ዲግሪ ላይ ተይዞ በ48 ሰዓት ውስጥ ምርመራው መጀመር አለበት። አዲስ አበባ የሚላክ ከሆነ ከ370 ኪሎ ሜትር በላይ መንገድ ነው፣ ቅዳሜ የተቀዳ ናሙና ሰኞ ሲደርስ ጊዜው አልፏል። የሲኦዲው በሰልፈሪክ አሲድ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው) ከ2 በታች ከወረደ ግን ይቆያል።

ሒሳብ ክፍል፦ መነሻ ዓመቱንስ ማን ተነጋገረበት? 2014 ዓ.ም. መነሻ መሆን አይችልም። በኅዳር ጦርነቱ ኮምቦልቻ ውስጥ ነበር፣ ታኅሣሥ ላይ ደግሞ አሜሪካ የአጎአን ገበያ (ከቀረጥ ነፃ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድል) ዘጋች። ምርት በወደቀበት ዓመት ላይ ጠቅላላ ግብ ብትጥሉ ማንም አያሳካውም፣ በኪሎ ብትጥሉ ያለ ሥራ ይሳካል። የሦስት መደበኛ ዓመታት አማካይ ውሰዱ፣ ለምን እነዚያ እንደተመረጡም በጽሑፍ አስቀምጡ።

ጢጣ፦ ካርቦንስ?

ማቅለሚያ ክፍል፦ የአገሪቱ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ኃይል ስለሆነ አምፖል መቀየር ወጪ ይቀንሳል እንጂ የካርቦን ቁጥሩን ብዙም አያነቃንቀውም። ካርቦኑ ያለው ቦይለሩና ጄኔሬተሩ ላይ ነው። አንድ ሊትር ናፍጣ 2.7 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣል። የእንፋሎት ወጥመዶችን (ውሃውን አስወጥተው እንፋሎቱን የሚያስቀሩ ቫልቮችን) መፈተሽና ቀዝቅዞ ውሃ የሆነውን እንፋሎት ወደ ቦይለር መመለስ ይቅደም።

ጦሳ ሆይ፣ በአንድ ነገር ግን አልተስማማንም። ጠቅላላ ጣሪያ ካስቀመጥክ ሁለተኛ ፈረቃ መክፈት አይቻልም፤ ሥራ የሚጠብቅ ወጣት ደግሞ ብዙ ነው።

ጦሳ፦ ይቻላል፣ የፍሳሽ ማጣሪያው አብሮ ካደገ። በማሳያው 240 ኪሎ የሚያወጣው ፋብሪካ ምርቱን እጥፍ ሲያደርግ በኪሎ የሚወጣውን ብክለት በግማሽ ከቀነሰ እዚያው 240 ላይ ነው። ወንዙ በሚሳሳበት በጋ ጣሪያው አይነካም። በክረምት ላላ ማለቱን ልንነጋገርበት እንችላለን።

ማቅለሚያ ክፍል፦ የማጣሪያው በጀት ከፈረቃው ማስፋፊያ ጋር በአንድ ሰነድ ከጸደቀ እፈርማለሁ። ተለይቶ ለሚቀጥለው ዓመት ከተባለ አልፈርምም።