ለሱ ፎልስ ከተማ ሦስት የሕዝብ ቁጥር አገኘሁ፤ የቱን ልያዝ?

ባለ ምጣዱ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሳውዝ ዳኮታ፣ ሱ ፎልስ ላይ እንጀራና ቅመም የምሸጥባት ትንሽ ሱቅ ልከፍት ነው። ባንኩ የቢዝነስ ፕላን አምጣ አለኝ። የአካባቢውን ሕዝብና ገቢ ጻፍ ይላል። ፈልጌ ፈልጌ ለአንድ ከተማ ሦስት ቁጥር አገኘሁ፤ 192,517፣ 276,730፣ ሌላው ደግሞ 286 ሺህ ምናምን። ገቢ ላይ የነፍስ ወከፉን በአራት አባዝቼ "የአንድ ቤት ገቢ" ብዬ ጻፍኩ። የባንኩ ሰውዬ አይቶ ፈገግ አለና ወረቀቱን መለሰልኝ። የት ጋ ነው የተሳሳትኩት?

ቁጥር ወዳጅ
ወንድሜ፣ ሦስቱም ትክክል ናቸው። አጥሩ ነው የተለያየው። እ.ኤ.አ. በ2020 ቆጠራ 192,517 ማለት የከተማው አስተዳደር ክልል ብቻ ነው። 276,730 ደግሞ ሜትሮው ነው፣ ከተማውና ዙሪያው ማለት ነው፤ ሚኔሃሃ፣ ሊንከን፣ ተርነርና ማኩክ የሚባሉት አራት ካውንቲዎች ተደምረው። በ2023 የፌዴራል መንግሥቱ ወሰኑን ሲከልስ ከሚኒሶታ ሮክ ካውንቲን ጨመረበት። 286 ሺው ከዚያ የመጣ ነው። ሰው ሰተት ብሎ ገብቶ አይደለም፣ መስመሩ ነው የሰፋው። ስለዚህ የድሮውን ሜትሮ ከአዲሱ አስተያይተህ "ሕዝቡ በ10 ሺህ አደገ" እንዳትል።

ገቢው ላይ፣ የነፍስ ወከፍ ማለት ጠቅላላው ገቢ ለሁሉም ነፍስ፣ ጡት ለሚጠባውም ሕፃን ጭምር፣ ተካፍሎ ነው። በአራት ስታባዛው እያንዳንዱ ቤት አራት ሰው አለው ማለትህ ነው። ግን አንድ ቤት ውስጥ በአማካይ አራት ሰው አይኖርም፤ አሜሪካ ውስጥ ሁለት ተኩል ገደማ ነው። አንተ የሚያስፈልግህ የቤቶች መካከለኛ ገቢ ነው። ቤቶቹን ሁሉ ከድሃ እስከ ሀብታም ብታሰልፋቸው መሃል ላይ የቆመው ማለት ነው። አማካዩን ጥቂት ሀብታሞች ይጎትቱታል። ለስቴቱ በ2022 ወደ 70 ሺህ ዶላር ገደማ ነበር። የሜትሮውን ከቆጠራ ቢሮው ድረ ገጽ ሠንጠረዥ ቢ19013 ላይ ታገኛለህ። አጠገቡ ያለውን የመደመርና መቀነስ ምልክት አትዝለለው። የስህተት ህዳጉ ነው፤ ግምቱ ወደ ላይም ወደ ታችም በስንት ሊስት እንደሚችል ይነግርሃል።

የሱ ፎልሷ
እኔ እዚሁ ነኝ። ሜትሮ ብለህ በአንድ ቁጥር አትጨርሰው። ሊንከን ካውንቲ በ2010 44,828 ሰው ነበረው፣ በ2020 65,161 ሆነ። ኑሮውም ከፍ ያለ ነው፣ አዲስ ቤት የሚሠራው በብዛት እዚያ ነው። የኛ ሰው ግን የሚበዛው ሚኔሃሃ በኩል ነው። ብዙዎቻችን ሥጋ ፋብሪካ ነን፤ ባል ቀን፣ ሚስት ማታ፣ ኦቨርታይም ሲጨመር የቤቱ ገቢ ከሰዓት ክፍያው አይገመትም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እዚህ ስቴቱ የገቢ ታክስ አይቆርጥም፣ ምግብ ላይ ግን የሽያጭ ታክስ አለ። የስቴቱ ከ2023 ጀምሮ 4.2፣ የከተማው 2 በመቶ። ዋጋ ስታወጣ አስበው።

ጭነት ነጂው
ስቴቱ በ2020 ቆጠራ 886,667 ሰው ብቻ ነበር፤ ሱ ፎልስና በስቴቱ ምዕራብ ያለችው ራፒድ ሲቲ ሜትሮዎቻቸው ተደምረው ግማሽ ሊደርሱ ጥቂት ነው የቀራቸው። ገጠር ነው የሚባለውን ስቴት ሁለት ከተማ ነው የተሸከመው። ግን ደምረህ "ገበያዬ" እንዳትል! መሃላቸው 350 ማይል ገደማ ነው። እኔ እነዳዋለሁ፣ በክረምት ደግሞ አይነገርም። ራፒድ ሲቲ የሚኖር ሰው ላንተ እንጀራ ብሎ አይመጣም።

ባለ ምጣዱ
እግዜር ይስጥልኝ። የሐበሻውን ቁጥር ብቻ ለይቶ ማግኘት ይቻላል?

ቁጥር ወዳጅ
በከፊል። የዘር ሐረግ ሠንጠረዡ፣ ቢ04006፣ "ኢትዮጵያዊ" የሚል መስመር አለው። በቋንቋ ከፈለግክ ግን ተጠንቀቅ፤ አማርኛን ከሶማልኛና ከሌሎች ዘመድ ቋንቋዎች ጋር በአንድ መስመር ነው የሚያስቀምጡት። የቆጠራ ቢሮው በናሙና ከሚያወጣው ጥናት የአምስት ዓመቱን ውሰድ፤ ቁጥራችን ትንሽ ስለሆነ የአንድ ዓመቱ ይዋዥቃል።

የሱ ፎልሷ
ሠንጠረዡ ላይ የማይወጣ ደግሞ አለ፤ ኤርትራውያኑም እንጀራ ይገዛሉ። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን በር ላይ ቆመህ ቁጠር። እኔ ግን መጀመሪያ ጤፉን ከየት እንደምታመጣ ነው የምጠይቅህ።