ፓምፑ «ድራይ ራን» ይላል፣ ውሃ አይወጣም፤ ዘይቱ በየት በኩል ነው የሚጨመረው?

የቱሉ ዲምቱዋ (ከምሽቱ 12፡40)
ሰላም ቤተሰብ፣ በጣም ቸኩያለሁ። የውሃ ፓምፓችን መቆጣጠሪያ ላይ ቀይ መብራት በርቶ «ድራይ ራን» የሚል ጽሑፍ ያሳያል። ሞተሩ ትንሽ ይሠራና ይጠፋል፣ ላይ ያለው ሮቶ ጠብታ አልገባለትም። ስልኬ ላይ ያለው መዝገበ ቃላት ድራይን «ደረቅ»፣ ራንን «ሩጫ» ይላል። ሞተሩ ያለ ቅባት ደርቆ እየሮጠ ነው ብዬ የማሽን ዘይት አስገዝቻለሁ። ጎረቤታችን ደግሞ «የሞተው ራን ካፓሲተሩ ነው፣ ራን ብሎ ራሱ እየነገረሽ» አለኝ። ዘይቱን በየት በኩል ልጨምር? ነገ ክርስትና አለብን፣ ቤት ውስጥ የቀረው ሁለት ጀሪካን ውሃ ነው።

ገላን ቧንቧ (12፡46)
ዘይቱን አስቀምጪው! በየትም በኩል አይገባም። የዚህ ፓምፕ ሲል (ውሃ በዘንጉ በኩል እንዳያፈስ የሚይዘው ማሸጊያ) የሚቀዘቅዘውም የሚለሰልሰውም በሚያልፈው ውሃ ነው። ዘይት ብትጨምሪበት የሲሉን ጎሚኒ ሊያሳብጠው ይችላል፣ ቀሪው ሮቶ ውስጥ ገብቶ የምትጠጡትን ያበላሻል። ድራይ ራን ማለት ፓምፑ ውሃ ሳያገኝ በባዶው እየሠራ ነው ማለት ነው። መቆጣጠሪያው ይህን አይቶ አጠፋው፤ ሥራውን ሠራ እንጂ አልተበላሸም። አሁን ንገሪን፦ የሚስበው ከመንገድ መስመር ነው ከታንከር? ታንከሩ ውስጥ ውሃ አለ? በቅርቡ የተነካ ነገር አለ?

ኮዬ ፈጬ (12፡49)
ሪስታርት የሚለውን ቁልፍ ተጫኚው፣ ይነሳል።

መምህር ነኝ (12፡58)
እህቴ፣ መዝገበ ቃላቱ አልዋሸሽም፤ የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ ነው ያነበብሽው። የኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት አዘጋጆች «ራን»ን በግስነቱ ብቻ 645 ፍቺ ቆጥረውለታል፤ ከእንግሊዝኛ ቃላት ሁሉ ብዙ ፍቺ ያለው እሱ ነው ይባላል። ሰው ሲሆን ይሮጣል፣ ማሽን ሲሆን ይሠራል፣ ወንዝና አፍንጫ ሲሆን ይፈሳል፣ የጨርቅ ቀለም ሲሆን ይለቃል፣ ድርጅት ላይ ሲመጣ ማስተዳደር፣ ምርጫ ላይ ሲመጣ መወዳደር ነው። ከኋላው የምትከተለው ትንሽ ቃል ደግሞ ትርጉሙን ትገለብጠዋለች፦ «ዋተር ኢዝ ራኒንግ» ውሃው እየፈሰሰ ነው፣ «ዋተር ኢዝ ራኒንግ አውት» ግን ውሃው እያለቀ ነው። «ድራይ ራን» እንኳ ቢሮ ውስጥ ሲባል ከዋናው ዝግጅት በፊት የሚደረግ ልምምድ ነው። እኛም «ያዘ» አለን፦ ፖሊስ ያዘው፣ ጉንፋን ያዘው፣ ዝናብ ያዘው፣ ሮቶው 1000 ሊትር ይይዛል፣ ስልኩ ተይዟል። ለውጭ ሰው ሁሉንም «በእጅ ጨበጠ» ብለሽ ብትተረጉሚለት የአንቺን ዘይት ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ማሽን ላይ ያለ ቃል ብቻውን አይነበብም፤ የቱ ክፍል ላይ እንደተጻፈና ከጎኑ ምን እንዳለ ይታያል።

ጀሞ 2 (1፡01)
መምህር፣ 645ቱ እስኪያልቁ ክርስትናው በደረቁ ሊያልፍ ነው 😄

የቱሉ ዲምቱዋ (1፡05)
ከምድር በታች ካለ ታንከር ነው የሚስበው። ታንከሩ ሙሉ ነው፣ ለዚህ እኮ ነው ግራ የገባኝ! ጠዋት አጥበነው ከሰዓት ቦቴ ሞላልን። ሪስታርቱን ተጫንኩት፣ ትንሽ ሠርቶ መልሶ ድራይ ራን አለ።

ሠዓሊተ ሽቦ (1፡09)
የጎረቤትሽን ነገር እኔ ላጥራ። ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይዞ ሞተሩን የሚያግዝ ዕቃ ነው፤ ላዩ ላይ «ስታርት» ወይም «ራን» የሚል ይጻፋል። ስታርት የተባለው ሞተሩ ሲነሳ ብቻ አግዞ ይለያል፤ ራን የተባለው ሞተሩ እስከሠራ ድረስ መስመር ላይ ይቆያል። ከድራይ ራን ጋር ስም እንጂ ሥራ አይጋሩም። ካፓሲተር ሲሞት ሞተሩ እም... ይላል እንጂ አይዞርም፣ ወይ ማራገቢያውን በእጅ ስትገፊው ብቻ ይነሳል። የአንቺ ይዞራል ካልሽ ካፓሲተሩን አትንኪ። አንድ ቀን መቀየር ካስፈለገ አሮጌው ላይ የተጻፈውን ማይክሮፋራድ (የካፓሲተሩን መጠን) ይዘሽ ሂጂ፣ ቮልቱ ከ450 አይነስ፤ ብሬከር ከጠፋ በኋላም ኃይል ይዞ ሊቆይ ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም።

ኮዬ ፈጬ (1፡11)
ሪስታርቱን ጫን አድርገሽ ያዢው፣ የእኛ ሰፈር ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

ገላን ቧንቧ (1፡14)
አይያዝ! ፓምፑ ውስጥ ውሃ ከሌለ ሪስታርት በያዝሽ ቁጥር ሜካኒካል ሲሉ በደረቁ ይፋተጋል፣ ይግላል፣ ይሰነጠቃል። ከዚያ በኋላ በዘንጉ በኩል ውሃ ወደ ሞተሩ ይንጠባጠባል፤ ያ ነው የሞተሩን የሽቦ ጠመዝማዛ የሚያቃጥለው።

ጠፍቶ የነበረው «ታጠበ» የሚለው ነው። ታንከሩ ሲደርቅ የመምጠጫው ቱቦ አየር ገባበት፤ ታንከሩ ቢሞላም አየሩ ቱቦው ውስጥ እንዳለ ነው። ይህ ፓምፕ አየር መሳብ አይችልም፣ በውሃ መሞላት አለበት። እንዲህ አድርጊ፦

ብሬከሩን አጥፊ። ወደ ላይ የሚሄደውን ቁልፍ ዝጊ። ፓምፑ ራስ ላይ፣ ከመውጫው አጠገብ አንድ ትንሽ ብሎን አለች፤ እሷን ፈትተሽ በጆግ ንጹህ ውሃ ቀስ እያልሽ ጨምሪ። አረፋው እስኪያቆምና እስከ አፉ እስኪሞላ አትቸኩዪ። ባለ 1 ኢንች ቱቦ ለየሜትሩ ግማሽ ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ ታች 4 ሜትር ከሆነ ከፓምፑ ሆድ ሌላ 2 ሊትር ይበላል። ሞልተሽ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቂና እዪው። ካልጎደለ ብሎኗን በቴፍሎን ዝጊ፣ የላዩን ቁልፍ ትንሽ ከፍተሽ አስነሺ። ውሃው መምጣቱን በድምፁ ታውቂዋለሽ፣ ይወፍራል። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልመጣ አጥፊና እንደገና ሙዪ።

ከጎደለ ግን ጥፋቱ ታች ቱቦው ጫፍ ላይ ያለው ፉት ቫልቭ ነው፤ ውሃው ወደ ታንከሩ እንዳይመለስ የሚይዘው በር ማለት ነው። ስታጥቡ የተነሳ አሸዋ ወይ የላስቲክ ቁራጭ በሩ ላይ ተሰክቶ ይሆናል። ቱቦውን ከነቫልቩ አውጥታችሁ እጠቡት፣ ጎሚኒው መታጠፉን እዩ። ስትመልሱት ከታንከሩ ወለል 20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይበል፣ አለዚያ ጭቃ ይስባል።

ለገጣፎ ሰው (1፡20)
እኔ በፓምፑ መኖር ራሱ አልስማማም። ሌሊት ግፊት ሲመጣ ውሃው በራሱ ሮቶ ላይ ይወጣል፣ አንድ ተንሳፋፊ ቫልቭ ይበቃል። ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን?

ገላን ቧንቧ (1፡23)
ሰፈሩ ላይ ግፊት ካለ እውነትህን ነው። በፈረቃ የሚመጣና ምድር ቤቱን እንኳ በቅጡ የማይሞላ ከሆነ ግን አይወጣም፤ 1 ባር ግፊት የሚያወጣው 10 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አሁን የሚስበውም ቦቴ ያመጣው ውሃ ነው። መስመሩ ላይ ፓምፕ በቀጥታ ከመግጠም ከታንከር መሳቧ ትክክል ነው፤ ውሃ ያልመጣ ቀን መስመር የሚስብ ፓምፕ በተሰነጠቀ ቧንቧ በኩል ቆሻሻ ይስባል።

የቱሉ ዲምቱዋ (1፡31)
ሞላሁት፣ ጎደለ። እንደገና ሞላሁት፣ ጎደለ። ባለቤቴ ቱቦውን ሊያወጣ ነው።

ቃሊቲ መካኒክ (1፡36)
ከማውጣታችሁ በፊት ዩኒየኑንና ኒፕሎቹን (የቱቦ ማያያዣዎቹን) እዩ፣ እዚያም ሊያፈስ ይችላል። ሰው የመምጠጫ መስመር ላይ ሳሙና ቀብቶ አረፋ ይጠብቃል፤ ፓምፑ ሲሠራ መስመሩ ወደ ውስጥ ስለሚስብ አረፋ አይነፋም። ይልቅ ፓምፑ ጠፍቶ ቱቦው ሙሉ ሳለ በደረቅ ሶፍት ማያያዣዎቹን ዙሩባቸው፣ ሶፍቱ የራሰበት እሱ ነው። ሁሉም ደረቅ ሆኖ ውሃው ከጎደለ ፉት ቫልቩ ነው፣ አትጠራጠሩ።

ሌላው፣ ፓምፑ ላይ «መምጠጫ 8 ሜትር» የሚለውን አትመኑ። ያ በባሕር ጠረፍ ነው። እኛ ከ2,200 ሜትር በላይ ነን፣ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ 2 ሜትር ተኩል ገደማ ቀንሱለት። ከፓምፑ እስከ ውሃው ፊት ከ5 ሜትር የሚበልጥ ከሆነ፣ ውሃው በጎደለ ቁጥር ይኸው ድራይ ራን ይመላለስባችኋል። መፍትሔው ፓምፑን ዝቅ ማድረግ ነው።

አቃቂ 08 (1፡40)
መብራት ከሄደ በጄኔሬተር ለምታስነሱት፦ «ራኒንግ ዋት» የሚለው ያለማቋረጥ የሚሰጠው ኃይል ነው፣ ማስነሻው ሌላ ነው። ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ፓምፕ 370 ዋት ተብሎ ቢጻፍበትም ከመስመሩ የሚወስደው ከዚያ ይበልጣል፣ ሲነሳ ደግሞ ለአፍታ ሦስት እጥፍና ከዚያ በላይ ይጠይቃል። 1 ኪሎዋት ጄኔሬተር ያቃስትበታል። የጄኔሬተሩ ቾክ (ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ አየር ቀንሶ እንዲነሳ የሚያግዘው) ላይ ያለው «ራን» ደግሞ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ እጀታው የሚቆምበት ቦታ ነው፤ ቾክ ላይ ትታችሁት ከሄዳችሁ በጥቁር ጭስ ካንዴላውን ያበላሸዋል።

ጀሞ 2 (1፡44)
ለአዲስ ሞተር «ራኒንግ ኢን» የሚሉት የእኛ ሮዳጅ (አዲሱን ሞተር ቀስ እያሉ ማለማመድ) ነው። መምህር፣ 645ቱ ውስጥ ይቆጠርልኝ።

ኮዬ ፈጬ (1፡52)
ሪስታርቱስ እንዴት ሆነ?

ገላን ቧንቧ (2፡10)
እህቴ፣ ፉት ቫልቩ ታጥቦም ካልያዘ ዛሬ ማታ ጊዜያዊ መላ አለ። ፓምፑን ሙዪ፣ ብሎኗን በፍጥነት ዝጊ፣ ውሃው ወደ ታች ሳይወርድ ወዲያው አስነሺ፤ ሮቶው እስኪሞላ አታጥፊው። ጠዋት ሱቅ ሲከፈት አዲስ ባለ 1 ኢንች ግዢ፣ በሩ የነሐስ ይሁን፣ የፕላስቲኩ ቶሎ ይጣመማል። ዛሬ መጀመሪያ የሚወጣውን ውሃ ለመጠጥና ለጠላ አታድርጉት፣ ከእጥበቱ የቀረ ደለል ይኖረዋል፤ ለዕቃ ማጠቢያ ለዩት።