ስሙ አዲስ የሆነ የመስሚያ መሣሪያ ልግዛ ወይስ ባለሙያዋ ያቀረበችልኝን?

ጥያቄ፦ ከሲልቨር ስፕሪንግ

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 61 ነው። ረጅም ዘመን በማሽን ጩኸት ውስጥ ስሠራ ኖሬ፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ጆሮዬ ደክሟል። ድምፅ አይጠፋኝም፤ የሚጠፋኝ ቃሉ ነው። ወንድ ሲናገር ደህና እሰማለሁ፤ ባለቤቴ ከወጥ ቤት ስትጠራኝ ወይም የልጅ ልጄ በስልክ ሲያወራኝ ግን ግማሹን በግምት ነው የምሞላው። ክርስትና ወይም ለቅሶ ቤት ሄጄ ሰው በየጥጉ መጨዋወት ሲጀምር፣ አጠገቤ የተቀመጠውን እንኳ መከታተል ስለሚያቅተኝ ራሴን እየነቀነቅሁ እቀመጣለሁ።

በቅርቡ ተመርምሬ የምርመራውን ወረቀት ይዣለሁ። ሄርዝ የሚባለው የድምፁ ቅጥነት፣ ዴሲቤል ደግሞ ለመስማት የሚያስፈልገኝ የድምፅ ጉልበት ነው፤ ዴሲቤሉ በጨመረ መጠን መስማቱ የከፋ ነው። በሁለቱም ጆሮዎቼ እስከ 1,000 ሄርዝ ድረስ 20 እና 25 ዴሲቤል አካባቢ ነው፤ ከዚያ በኋላ እያሽቆለቆለ 4,000 ላይ 60 ይደርሳል። የመረመረችኝ ባለሙያ ለሁለቱም ጆሮ የሚሆን የታወቀ የዴንማርክ ምርት፣ ከመግጠምና ከክትትል ጋር፣ በ5,400 ዶላር አቅርባልኛለች። ኢንሹራንሴ ከዚህ አንድም ሳንቲም አይከፍልም። በዚያው ሰሞን ደግሞ ጃብራ ኢንሃንስ የሚባል፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ በኢንተርኔት ታዝዞ ቤት ድረስ የሚላክ መሣሪያ ከ2,000 ዶላር ባነሰ ዋጋ አየሁ። ስለ እሱ ስጠይቃት «አዲስ ስም ነው፤ እኛ አንሠራበትም» ብላ አለፈችው።

ልዩነቱ የአንድ ሰው የአውሮፕላን ቲኬት ከነስጦታው ስለሆነ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን ርካሽ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥም ኪሳራ ነው። ስሙ አዲስ የሆነ ምርት በምን ይመዘናል? በየዓመቱ ጥቂት ወራት አዲስ አበባ ስለምቆይ፣ እዚያ እያለሁ ቢበላሽብኝ ወይም ማስተካከል ቢያስፈልገው እንዴት እንደምሆንም ያሳስበኛል። የሞከራችሁት ወይም በሙያው ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው።

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። እኔ የመስሚያ መሣሪያ የምገጥም ባለሙያ ነኝ፤ ከምሸጠውም የምተዳደር ስለሆንኩ ምክሬን በዚያ ዓይን መዝነው ይስሙኝ።

በመጀመሪያ «አዲስ» የሚለውን ነገር ብንመረምረው መልካም ነው። እንዲህ ያሉ ስሞች በድንገት የበዙበት ምክንያት አለ። የአሜሪካ ኮንግረስ በ2017 ባወጣው ሕግ መሠረት፣ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩ ዕድሜያቸው 18 ዓመት የሞላና የመስማት ችግራቸው ከመለስተኛ እስከ መካከለኛ የሆነ ሰዎች ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዲገዙ የሚፈቅደውን ደንብ ከጥቅምት 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ አዋለ። በሩ ሲከፈት ብዙ ስም ገባ፤ ከስሞቹ ጀርባ ያሉት ፋብሪካዎች ግን ብዙዎቹ የምናውቃቸው ናቸው። በዓለም ገበያ የሚሸጠውን አብዛኛውን የመስሚያ መሣሪያ የሚሠሩት አምስት ቡድኖች ሲሆኑ፣ ጃብራ ኢንሃንስ የእነዚያ የአንደኛው፣ ሪሳውንድ የተባለውን ምርት ለአሥርተ ዓመታት ሲያወጣ የኖረው የዴንማርኩ ጂኤን ነው። ስለዚህ ባለሙያዋ «አዲስ ስም ነው» ማለቷ ትክክል ነው፤ መሣሪያው ግን ትናንት ከተከፈተ ድርጅት የወጣ አይደለም። ፊሊፕስ የሚል ስም ያለበትን የመስሚያ መሣሪያም የሚያመርተው ኦቲኮንን የሚሠራው ዴማንት ነው። ሶኒም በ2022 ወደዚህ ገበያ የገባው፣ ሲግኒያንና ዋይዴክስን ከያዘው ከደብልዩኤስ ኦዲዮሎጂ ጋር ተጣምሮ ነው።

የታወቀ ስም ብቻውን ዋስትና አለመሆኑን ደግሞ ከቦዝ ታሪክ እናያለን። በድምፅ መሣሪያ ስሙ የገነነው ይህ ድርጅት በ2021 የራሱን የመስሚያ መሣሪያ ለገበያ አውጥቶ፣ በማግስቱ ዓመት የጤና ክፍሉን ዘጋው፤ ቴክኖሎጂው ሌክሲ ወደሚባሉ የመስሚያ መሣሪያዎች ተዛወረ። የመስሚያ መሣሪያ በአማካይ አምስት ዓመት ያህል የሚያገለግል ዕቃ ነው። በእነዚያ ዓመታት ጆሮ ውስጥ የምትገባው ትንሿ ስፒከር ትቃጠላለች፣ የኩክ መከላከያ ማጣሪያው በየጊዜው ይቀየራል፣ ቻርጅ የሚደረገው ባትሪም ይደክማል። ስለዚህ ለሻጩ የማቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ሠራው? መለዋወጫውስ ከእናንተ ሌላ ከማን ይገኛል?» የሚል ነው። ለዚህ ጥርት ያለ መልስ የሌለው ምርት፣ ድምፁ የቱንም ያህል ቢያምር፣ እኔ ለወላጆቼ አልገዛውም።

ከመሣሪያው ይልቅ ውጤቱን የሚወስነው ግን አገጣጠሙ ነው። የሁለት ሰዎች የምርመራ ወረቀት አንድ ዓይነት ቢሆን እንኳ የጆሮ ቀዳዳቸው ስፋትና ርዝመት ስለሚለያይ፣ ያው መሣሪያ በዚያው ማስተካከያ በታምቡራቸው ላይ የሚያሳርፈው ድምፅ እኩል አይሆንም። ይህን ለማወቅ በጣም ቀጭን የሆነች ለስላሳ ቱቦ ከመሣሪያው ጎን ወደ ጆሮ አስገብተን፣ ንግግር እያሰማን ታምቡሩ አጠገብ የሚደርሰውን በየሄርዙ እንለካለን። ሳይለካ፣ ፋብሪካው ባወጣው የመነሻ ማስተካከያ ብቻ ሲተው፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎድለው ከፍተኛው (ቀጭኑ) የድምፅ ክፍል ነው። የእርስዎ ችግር ያለውም እዚያው ነው፤ ሰ፣ ሸ፣ ጸ፣ ፈ የሚደመጡበት ቦታ ስለሆነ ድምፁ እየተሰማዎት ቃሉ ይጠፋል። (የምንሠራበት ፕሮግራም የተጠቃሚው ቋንቋ እንደ ቻይንኛ በድምፅ ቅጥ ትርጉም የሚለይ መሆን አለመሆኑን ይጠይቃል፤ ለአማርኛ «አይደለም» የሚለው መመረጡን ማየት አይከፋም።) ስለዚህ 5,400 ዶላር የጠየቀችዎትን ባለሙያ ይህን ልኬት ትሠራ እንደሆነ ይጠይቋት። ካልሠራች፣ ከ3,400 ዶላር የሚበልጠውን ተጨማሪ ለምን እንደሚከፍሉ እኔም አላውቅም።

አንድ ነገር ላክል። በምርመራው ላይ ቃላት እየተነገሩዎት እንዲደግሙ ተደርገው ከሆነ፣ ቃላቱ እንግሊዝኛ ናቸው። በአማርኛ አፉን የፈታ ሰው ያንን ፈተና ከጆሮው አቅም በታች ሊመልስ ይችላል፤ ዝቅተኛ መቶኛ ቢያዩ ሳይጠይቁ አይደንግጡ። ቃል በሌለው ነጠላ ድምፅ የሚለካው ክፍል ግን ቋንቋ አይመርጥም። 6,000 እና 8,000 ሄርዝ ላይ ስንት እንደሆነም ቢነግሩን ጥሩ ነበር፤ የማሽን ጩኸት የጎዳው ጆሮ ብዙ ጊዜ 4,000 አካባቢ መስማቱ ደክሞ 8,000 ላይ መልሶ ይሻሻላል።

መልስ፦ ከሚኒያፖሊስ

እኔ በኢንተርኔት የሚሸጥ፣ ስሙን ቀድሞ ሰምቼው የማላውቀውን ገዝቼ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ስሙን የማልጠቅሰው ልምዴ የአንድ ሰው ልምድ ስለሆነና የምነቅፈውም ስላለኝ ነው።

ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ የራሴ ድምፅ ነበር፤ እንስራ ውስጥ አፌን ከትቼ የምናገር ነበር የሚመስለው። ወዲያው ልመልሰው ተነሥቼ፣ የድርጅቱን ባለሙያ በቪዲዮ ሳነጋግራት፣ ቀዳዳውን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋውን የጎማ ጫፍ በሳጥኑ ውስጥ ባለው ክፍት ጫፍ እንድቀይር ነገረችኝ። በዚያው ተስተካከለ። ጠያቂያችን ዝቅተኛውን (ወፍራሙን) ድምፅ በራሳቸው ጆሮ ስለሚሰሙ፣ ለእርሳቸውም ክፍቱ ሳይሻላቸው አይቀርም። የኩሽናው ቧንቧ፣ የላስቲክ ከረጢቱና የጋዜጣው ኮሽታ ለሳምንታት ያሰለቻል፤ አእምሮ እስኪለምደው ጊዜ ይፈልጋል። በቀን አንድ ሰዓት አድርጎ የሚያወልቅ ሰው አይለምደውም።

የምነቅፈው መሣሪያውን በስልክ የሚያስተካክለውን አፕ ነው። ስልኬ ሲታደስ አፑ መሣሪያውን ማግኘት አቆመ፤ ድርጅቱ እስኪያስተካክለው ድረስ በነበረበት ማስተካከያ ብቻ ተጠቀምኩ። መሣሪያው ላይ ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ቁልፍ ባይኖረው ኖሮ ምን እንደምሆን አላውቅም። ስለዚህ ሁሉን ነገር ለስልክ የሰጠ፣ በራሱ ላይ አንድም ቁልፍ የሌለው መሣሪያ ለሽማግሌ አልመክርም። በተረፈ በለቅሶ ቤት ጨዋታ ላይ ተአምር አይጠብቁ፤ ይሻላል፣ ይረዳል፣ ግን ሃያ ሰው በአንድ ጊዜ ሲናገር መሣሪያው የትኛውን መስማት እንደፈለጉ ሊያውቅልዎ አይችልም። ግድግዳን ከኋላ አድርጎ የሚያናግሩትን ሰው ፊት እያዩ መቀመጥ ያው ይቀጥላል።

መልስ፦ ከሲያትል

ውይይቱ በሁለት አማራጮች መካከል ብቻ መሆኑ ገርሞኛል። በአባልነት የሚገበዩበት ትልቅ መደብር የሆነው የኮስትኮ አባል ከሆኑ፣ የመስሚያ ክፍላቸው በነፃ ይመረምራል፣ በአካል ይገጥማል፤ እኔ የገዛሁት የፊሊፕስ ጥንድ ከ1,600 ዶላር አልበለጠም፤ ካልተስማማ በ180 ቀን ውስጥ ይመለሳል። ከላይ የተጻፈው የቱቦ ልኬትም ተሠርቶልኛል። ፋብሪካው ዴማንት ስለሆነ ለኦቲኮን የሚሆነው የኩክ ማጣሪያ ለእኔም ይሆናል። አዲስ ስም፣ አሮጌ ፋብሪካ፣ ፊት ለፊት የሚያዩት ገጣሚ፤ ለእኔ ሚዛን የደፋው ይኸ ነው።

ወጪውን የሚፈራ ደግሞ በአፕል የጆሮ ማዳመጫ፣ በኤርፖድስ ፕሮ 2 ሊጀምር ይችላል፤ የመስሚያ አገልግሎቱ በመስከረም 2024 የምግብና የመድኃኒት አስተዳደሩን ፈቃድ አግኝቷል። ሆኖም ቀኑን ሙሉ የሚያገለግል ባትሪ የለውም፤ ሽማግሌ ሰው ለቅሶ ቤት ኤርፖድስ ሰክቶ ቢቀመጥም ሙዚቃ የሚያዳምጥ ይመስላል።

ከጠያቂው፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ወረቀቱን መለስ ብዬ አየሁት፤ 6,000 ላይ 60፣ 8,000 ላይ 45 ነው። የእንግሊዝኛ ቃላቱን 76 በመቶ መልሻለሁ፤ ለካ ያስደነገጠኝ እሱ ኖሯል። ባለሙያዋ ጋ ደውዬ ስለ ቱቦው ልኬት ስጠይቅ፣ ስልኩን ያነሣችው ጸሐፊ «ከተፈለገ ይሠራል» አለችኝ።

የኮስትኮ አባል ነኝ፤ ለመስሚያ መሣሪያ ግን አስቤው አላውቅም ነበር። የቀረኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ በኢንተርኔት ያለውን ገዝቼ፣ ልኬቱን ብቻ ሌላ ባለሙያ ዘንድ ከፍዬ ማሠራት እችላለሁ? አዲስ አበባስ ስሆን በርቀት የሚደረገው ማስተካከያ ይሠራል?

መልስ፦ ከአሌክሳንድሪያ

ጋሼ፣ 8,000 ላይ መልሶ መሻሻሉ ከጠበቅሁት ጋር ይገጥማል። ሁለቱም ጆሮዎችዎ እኩል በመሆናቸውም ያለ ሐኪም ትእዛዝ መግዛት የሚችሉ ሰው ነዎት። አንዱ ጆሮ ከሌላው በጣም ቢለይ፣ በድንገት ቢደነቁር፣ ፈሳሽ ወይም ደም ቢኖር፣ አጥብቆ ቢያዞርዎት ወይም በአንድ ጆሮ ብቻ ቢጮኽብዎት ኖሮ፣ ግዢውን ትተው በቅድሚያ የአንገት በላይ ሐኪም ጋ ይሂዱ እልዎት ነበር፤ ይህ በሕጉ መሠረት ሳጥኑ ላይም የሚጻፍ ማስጠንቀቂያ ነው። «ከተፈለገ ይሠራል» የሚለው መልስ ግን አላረካኝም። እንደ እርስዎ ባለ ጆሮ ላይ ሁልጊዜ መሠራት ያለበት ነው።

ልኬቱን ብቻ የሚሠሩ ክሊኒኮች አሉ፤ ሌላ ቦታ የተገዛ መሣሪያ የማይነኩም አሉ። ሲደውሉ «ከእናንተ ያልተገዛ መሣሪያ ትለካላችሁ? ዋጋው ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። ሆኖም የለካው ባለሙያ የመሣሪያውን ፕሮግራም መክፈት ላይችል ይችላል፤ እንዲያ ከሆነ የልኬቱን ሥዕል ይዘው ለሻጩ ድርጅት ባለሙያ ይልኩና እርስዋ በርቀት ታስተካክላለች። የሚሠራ ግን የተንዛዛ መንገድ ነው፤ ለዚህም ስል የሲያትሉን ወንድማችንን ምክር ለእርስዎ አስቀድማለሁ። በመሥሪያ ቤትዎ በኩል ከታክስ ነፃ የሆነ የጤና ቁጠባ ሒሳብ ካለዎት፣ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጡትንም ከዚያ መክፈል ይፈቀዳል።

አዲስ አበባ ሲሆኑ የርቀት ማስተካከያው በስልክዎ ኢንተርኔት በኩል ስለሚሄድ፣ መስመሩ ደህና ከሆነ ይሠራል፤ የሻጩ ድርጅት ከአሜሪካ ውጭ ላለ ደንበኛ ይህን አገልግሎት እንደሚሰጥ ግን ከመግዛትዎ በፊት በጽሑፍ ያረጋግጡ። የቻርጀሩ ጀርባ ላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ጽሑፍ መኖሩን ይዩ፤ ማጣሪያና የጎማ ጫፍም ለቆይታዎ የሚበቃ ይያዙ። ጉዞዎ የቀረበ ከሆነ ደግሞ አሁን አይዘዙ። የመመለሻው ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ዕቃው እጅዎ ከገባበት ቀን ጀምሮ ስለሆነ፣ አዲስ አበባ ተቀምጠው እንዳያልቅብዎት ሲመለሱ ይግዙት።