የደቡብ አፍሪካ ነጭ መንግሥት ጦሩ ሳይሸነፍ ለምን ለድርድር ተቀመጠ?

የታሪክ መምህር (ደሴ)፦

ውድ የዚህ መድረክ አባላት፣ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ አስተምራለሁ። ስለ ደቡብ አፍሪካ የዘር መድልዎ ሥርዓት፣ ስለ አፓርታይድ፣ ስናስተምር ከናሽናል ፓርቲ የ1948 የምርጫ ድል ተነሥተን፣ በ1960 በሻርፕቪል የተገደሉትን 69 ሰዎችና የ1976ቱን የሶዌቶ ተማሪዎች አመፅ አውስተን፣ በቀጥታ ወደ ኔልሰን ማንዴላ መፈታት እንሻገራለን። ተማሪዎቼ ማንዴላ በ1962 አዲስ አበባ ኮልፌ ውስጥ ወታደራዊ ሥልጠና መውሰዳቸውን ስለሚያውቁ ትግሉ በጦር ሜዳ የተቋጨ ይመስላቸዋል። እንዳልሆነ ስነግራቸው አንዲት ተማሪ «ታዲያ ጦሩ ያልተሸነፈ መንግሥት ሥልጣኑን ለምን አስረከበ?» ስትል ጠየቀችኝ። «ፕሬዚዳንት ዴ ክለርክ ቅን ሰው ስለነበሩ ነው» ብሎ ማለፍ ለሞቱት ሰዎች ፍትሐዊ አይመስለኝም። በጉዳዩ ላይ ያነበባችሁ ብታብራሩልኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ዓመታቱን የጻፍኩት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የምጣኔ ሀብት ባለሙያ፦

ተማሪዎ የጉዳዩን ሥር ነክታለች። ጦሩ አልተሸነፈም፤ መንግሥቱ ግን አገሪቱን እንደ ቀድሞው መግዛት ተስኖት ነበር። በ1983 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ለሕንዳውያንና ለቅይጥ ዘር ዜጎች የየራሳቸውን ምክር ቤት ሲሰጥ አብላጫውን ጥቁር ሕዝብ ጨርሶ ስለተወው፣ በዚያው ዓመት አብያተ ክርስቲያናትን፣ የወጣትና የሴት ማኅበራትን እንዲሁም የየሰፈሩን ኮሚቴዎች ያስተባበረ የተባበረ ዴሞክራሲያዊ ግንባር ተመሠረተ፤ በ1985 ደግሞ በርካታ የሠራተኛ ማኅበራት ኮሳቱ በተባለው ኮንፌዴሬሽን ሥር ተሰባሰቡ። ወርቁን የሚያወጣውም ፋብሪካውን የሚያንቀሳቅሰውም በአብዛኛው ጥቁር ሠራተኛ በመሆኑ፣ እርሱ ሥራ ሲያቆም ወታደር አሰልፎ ምርትን ማስቀጠል አይቻልም ነበር።

በዚያው በ1985 ቼዝ ማንሃታን የተባለው የአሜሪካ ባንክ የአጭር ጊዜ ብድሮችን አላራዝምም አለ፤ ሌሎች ባንኮችም ተከተሉት፤ የአገሪቱ ገንዘብ የራንድ ዋጋ አሽቆለቆለ፤ መንግሥትም የውጭ ዕዳ ክፍያውን ለጊዜው ለማቆም ተገደደ። በቀጣዩ ዓመት የአሜሪካ ኮንግረስ የፕሬዚዳንት ሬገንን ተቃውሞ ሽሮ የማዕቀብ ሕግ አጸደቀ። የበርሊን ግንብ በኅዳር 1989 ሲፈርስ ደግሞ «ከማንዴላ ድርጅት ከአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ጀርባ ሶቪየት ኅብረት አለች» የሚለው የነጩ መንግሥት ዋና መከራከሪያ ከሸፈ። ዴ ክለርክ ይህ ድርጅትና ሌሎች የታገዱ ድርጅቶች ከእገዳ መነሣታቸውን ያወጁት ከዚያ ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ የካቲት 2 ቀን 1990 ነው። ድርሻቸውን ማሳነሴ አይደለም፤ ከእርሳቸው በፊት የነበሩት ፕሬዚዳንት ፒ. ደብሊው. ቦታ ብዙውን ችግር እያዩ ያን እርምጃ አልወሰዱምና።

ነዋሪነቴ ጆሃንስበርግ፦

ከላይ በተጻፈው እስማማለሁ፤ ነገር ግን ለድርድር መቀመጥ አንድ ነገር ነው፣ ድርድሩን ከፍጻሜ ማድረስ ሌላ። መምህር፣ ለተማሪዎችዎ ከ1990 እስከ 1994 ያሉትን ዓመታት በሰፊው እንዲያስተምሩ አጥብቄ እመክርዎታለሁ፤ በእነዚያ ዓመታት በፖለቲካ ግጭት ያለቀው ሰው በሺዎች ይቆጠራልና። ሰኔ 1992 ቦይፓቶንግ በተባለ የጥቁሮች መኖሪያ ሰፈር ከ40 በላይ ነዋሪዎች በሌሊት ተጨፈጨፉ፤ ማንዴላም ከመንግሥት ጋር የሚደረገውን ንግግር አቋረጡ። መስከረም ላይ ለጥቁሮች ተብለው ከተከለሉት ግዛቶች አንዷ የሆነችው የሲስካይ ወታደሮች በዋና ከተማዋ በቢሾ 28 ሰልፈኞችን ገደሉ። በዚህ ሁሉ መካከል የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ተደራዳሪ ሲሪል ራማፎሳና የመንግሥቱ ተደራዳሪ ሩልፍ ሜየር በጎን መገናኘታቸውን ባለማቋረጣቸው፣ በዚያው ወር መጨረሻ ሁለቱ ወገኖች የመግባቢያ ሰነድ ሊፈርሙ ቻሉ።

ነጩን ወገን ያረጋጋው ሐሳብ የመጣው የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ አጋር ከነበረው ከኮሚኒስት ፓርቲ መሪዎች ከአንዱ፣ ከጆ ስሎቮ መሆኑ እስከ ዛሬ ይደንቀኛል። ስሎቮ ለተወሰኑ ዓመታት በጋራ እንግዛ፣ ነባር የመንግሥት ሠራተኞችም ከሥራቸው አይፈናቀሉ አሉ። ባለቤታቸው ሩት ፈርስት በ1982 የአፓርታይድ ሰላዮች በላኩት ፖስታ ውስጥ በነበረ ቦምብ የተገደሉባቸው ሰው ናቸው።

ሚያዝያ 10 ቀን 1993 የኮሚኒስት ፓርቲው ዋና ጸሐፊ ክሪስ ሃኒ በቤታቸው ደጃፍ በጥይት ተገደሉ። ገዳዩ ከፖላንድ የመጣ ነጭ ሲሆን፣ የመኪናውን ሰሌዳ ለፖሊስ የጠቆሙትም አንዲት ነጭ አፍሪካነር (የደች ሰፋሪዎች ዘር) ጎረቤት ነበሩ። ማንዴላ ገና ፕሬዚዳንት ሳይሆኑ በቴሌቪዥን ቀርበው ይህንኑ ለሕዝቡ ተናገሩ፤ ቁጣው ወደ ዘር ጦርነት እንዳይዞርም ተማጸኑ። በዋናነት የዙሉዎች ፓርቲ የሆነው ኢንካታ በ1994ቱ የመላው ሕዝብ ምርጫ ለመሳተፍ የተስማማው ድምፅ ሊሰጥ አንድ ሳምንት ገደማ ሲቀረው ነበር። የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ከመቶ 62 በላይ ድምፅ አገኘ፤ ማንዴላም ግንቦት 10 ቀን 1994 ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

የሕግ ባለሙያ፦

ጆሃንስበርግ ያሉት ወዳጃችን ስለ ስምምነቱ የጻፉት እውነት ነው፤ ዋጋው ግን ሳይነገር መታለፍ የለበትም። የ1913ቱ የመሬት ሕግ ጥቁሮችን በተከለለላቸው ጠባብ መሬት ወስኖ በሌላው የአገሪቱ ክፍል መሬት እንዳይገዙ አግዷቸው ነበር። የ1996ቱ ሕገ መንግሥት የንብረት መብትንም የመሬት ማሻሻያንም በአንድ አንቀጽ ደንግጓል፤ ይሁን እንጂ በአምስት ዓመት ከነጮች የእርሻ መሬት 30 በመቶው ይተላለፋል ተብሎ የተያዘው ዕቅድ አልተሳካም።

በሊቀ ጳጳስ ዴዝሞንድ ቱቱ የተመራው የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን ምሕረት የሚሰጠው በፖለቲካ ዓላማ የተሠራውን ወንጀል ሙሉ በሙሉ ለተናዘዘ ብቻ ነበር። ከ7,000 በላይ አመልካቾች ቀርበው አብዛኞቹ ውድቅ ሆኑ። የተከለከሉትም ሆኑ ጭራሽ ያልቀረቡት፣ በተለይ ትእዛዝ ሰጪዎቹ፣ ከጥቂቶች በስተቀር አልተከሰሱም፤ ተጎጂዎች ናቸው ተብለው የተመዘገቡት ግን የተሰጣቸው የአንድ ጊዜ ካሣ 30,000 ራንድ ነው። በእኔ እምነት ስምምነቱ የእርስ በርስ ጦርነትን አስቀርቷል፤ ክስ የመመሥረቱንና መሬት የማስተላለፉን ግዴታ ግን ከ1994 በኋላ የመጡት መንግሥታት ሊወጡት ይገባ ነበር። ለዚህ ጉድለት ተደራዳሪዎቹን ብቻ መውቀስ ተገቢ አይመስለኝም።