ነጥቡ ይጨምራል፣ አፋቸው ግን አልፈታም፦ ቤት ውስጥ ለሚማሩ ልጆች ፈረንሳይኛ በኦንላይን ፕሮግራም

የሁለት ልጆች እናት

ጤና ይስጥልኝ። ቤት ውስጥ የማስተምራቸው ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ሴቷ 12፣ ወንዱ 8 ዓመታቸው ነው። ፈረንሳይኛ በነፃ በሚገኝ የኦንላይን ፕሮግራም በቀን 20 ደቂቃ መማር ከጀመሩ አራት ወር ሞላቸው። ነጥባቸው በየቀኑ ይጨምራል፣ አንድም ቀን አልዘለሉም። ግን ስልኩን ዘግቼ፣ ከፕሮግራሙ ሰምቼ የያዝኩትን «ኬል አዥ አ ቱ?» (ዕድሜሽ ስንት ነው?) ብዬ ትልቋን ስጠይቃት ዝም ትላለች። ያው ጥያቄ ስልኩ ላይ ሲመጣ ወዲያው ትመልሰዋለች። ትንሹ ደግሞ ማብራሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ግማሹን በግምት ነው የሚነካው፤ የንግግር ልምምድ ላይም ደጋግሞ ቢናገር አይቀበለውም። እኔ ፈረንሳይኛ አልችልም። ፕሮግራሙን ልቀይር ወይስ አጠቃቀማችን ነው የተበላሸው?

መምህር በሙያ

ፕሮግራሙን አይቀይሩ፤ ሌላውም ላይ ያው ነው የሚገጥምዎ። አይቶ መለየትና ከራስ አውጥቶ መናገር ለየቅል ናቸው። ልጅዎ ስልኩ ላይ የምትሠራው የተደረደሩላትን ቃላት በቅደም ተከተል መንካት ነው። ቃሉ ፊቷ ስለተቀመጠ ከጭንቅላቷ ፈልጋ አታወጣውም። ስልኩ ሲዘጋ ቃሉም አብሮ ይጠፋል።

እርስዎ የጠየቋትን ጥያቄ እንውሰድ። መልሱ «ዤ ዱዛን» ነው፤ ቃል በቃል ሲፈታ «አሥራ ሁለት ዓመት አለኝ» ማለት ነው። በአማርኛ «አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው» እንላለን፤ እንግሊዝኛው ደግሞ «አሥራ ሁለት ነኝ» ይላል። በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ የሚማር ልጅ «ነኝ» የሚለውን ይዞ «ዥ ስዊ ዱዝ» ይላል፤ ይህ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። ስለዚህ በአማርኛ ይንገሯት፦ ፈረንሳይኛ ዕድሜን፣ ረሃብን፣ ጥማትን፣ ፍርሃትን «አለኝ» እያለ ነው የሚናገረው። «ዤ ፌን» ራበኝ፣ «ዤ ስዋፍ» ጠማኝ፣ «ዤ ፐር» ፈራሁ። አራቱን አንድ ላይ ከያዘቻቸው ሁለተኛ አትስትም።

አሁን አጠቃቀሙ። ቃል የመደርደር ጥያቄ ሲመጣ የስክሪኑን የታችኛውን ግማሽ በወረቀት ትሸፍነው። መጀመሪያ ሙሉውን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ ትበል፤ ከዚያ ወረቀቱን አንሥታ ትደርድር። ከአፏ የወጣው ስክሪኑ ላይ ካለው ከተለየ እንደገና ትበለው። ብዙ ፕሮግራሞች፣ በተለይ በኮምፒውተር ሲከፈቱ፣ ከመደርደር ወደ መጻፍ የሚቀይር ቁልፍ አላቸው። ካለ ሁልጊዜ እሱን ይጠቀሙ፤ መጻፉ ቀስ ያለ ነው፣ ግን የሚያስተምረው እሱ ነው።

20ውን ደቂቃ ለሁለት ይክፈሉት። 10 ደቂቃ ፕሮግራሙ፣ 10 ደቂቃ ስልክ ተዘግቶ ደብተር። ከዕለቱ ትምህርት አምስት ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ይጻፉላት፤ እሷ በፈረንሳይኛ ትበላቸው፣ ትጻፋቸው፣ ከዚያ ስልኩን ከፍታ ታርም። መልሱ እዚያው ስላለ እርስዎ ቋንቋውን ባይችሉም ይሠራል።

ነጥቡን ደግሞ አይመኑት። ልጆች የቀላሉን ትምህርት እየደጋገሙ ነጥብ መሰብሰብ ቶሎ ይማራሉ። በሳምንቱ መጨረሻ ስንት ነጥብ እንዳገኙ ሳይሆን ስንት አዲስ ትምህርት እንደተሻገሩ ይዩ። የደረጃ ውድድሩን ማጥፋት ከተቻለ ይጥፋ።

ድምፅና ኮምፒውተር

እህቴ፣ የማይክሮፎኑን ነገር ከቀላሉ ጀምሪ። ፕሮግራሙን በብሮውዘር ከከፈትሽው አድራሻው አጠገብ ያለውን ምልክት ነክተሽ ማይክሮፎን መፈቀዱን እዪ። በስልክ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ የአፑ ፈቃድ ላይ ነው። ከዚያ በስልኩ ድምፅ መቅጃ ልጁን አንድ ዓረፍተ ነገር ቅጂውና አዳምጪው። እዚያም ደብዝዞ ከተሰማ ችግሩ ከመሣሪያው ነው።

ብሉቱዝ ማዳመጫ ከሆነ የሚጠቀመው ወደ ገመድ ቀይሪ። ብሉቱዝ ማይክሮፎኑ ሲከፈት ወደ ስልክ ጥሪ ጥራት ይወርዳል፤ «ስ»ን ከ«ፍ» የሚለየው ረቂቅ ድምፅ እዚያ ላይ ይጠፋል። ማይክሮፎኑ ከአፉ ፊት ለፊት ሳይሆን ከከንፈሩ ጥግ ሁለት ጣት ያህል ርቆ ይሁን፣ አለዚያ ትንፋሹ እየመታው ያበላሸዋል።

ሁሉም ተስተካክሎ አሁንም ካልተቀበለው ልጁን አትውቀሺው። ንግግር የሚለዩት ሶፍትዌሮች በአብዛኛው የሰለጠኑት በአዋቂ ድምፅ ነው፤ የሕፃን ቀጭን ድምፅ ያስቸግራቸዋል። በተቃራኒውም የሚጠበቀውን ዓረፍተ ነገር አስቀድመው ስለሚያውቁ የተሳሳተውን የሚያሳልፉበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የንግግር ልምምዱን ለትንሹ አጥፊለትና በቅጂ ተኩት፦ የፕሮግራሙን ድምፅ ይስማ፣ ራሱን ይቅዳ፣ ሁለቱን በተከታታይ ያዳምጥ፣ ሦስት ጊዜ ይድገም።

ስለ ኪቦርድም አንድ ነገር። ትልቋ መጻፍ ስትጀምር ኮምፒውተሩ ላይ የፈረንሳይ ኪቦርድ አትጫኚላት፤ የ«ኤ» እና የ«ኪው» ፊደሎች ቦታ ይቀያየርባታል። ዊንዶውስ ላይ «ዩናይትድ ስቴትስ ኢንተርናሽናል» የሚባለውን ጨምሪ፤ ነጠላ ጥቅሱን ቀድማ ነክታ ፊደሉን ስትነካ፣ በፈረንሳይኛ ፊደሉ አናት ላይ የሚሰመረው ጭረት ራሱ ይመጣል። ስልክ ላይ ፊደሉን ተጭኖ መያዝ ይበቃል።

የካርድ ወዳጅ

ለስምንት ዓመቱ ልጅ የእንግሊዝኛውን ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ ማለፍ ይቻላል። እንደ ሮዜታ ስቶን ያሉት ፕሮግራሞች ያለ ትርጉም፣ በሥዕል፣ በድምፅና በዚያው በሚማሩት ቋንቋ ጽሑፍ ያስተምራሉ። ከዚያ የሚሻለው ግን አንኪ በሚባለው፣ የጥያቄና መልስ ካርድ በየጊዜው እየመለሰ በሚያስከልሰው ፕሮግራም ካርዱን ራስዎ መሥራት ነው፤ በኮምፒውተርና በአንድሮይድ ነፃ ነው፣ የአይፎኑ ይከፈልበታል። ፊት ለፊት ሥዕል፣ ጀርባው ላይ የፈረንሳይኛው ድምፅና ጽሑፍ። ልጁ ሥዕሉን አይቶ ቃሉን ጮክ ብሎ ይላል፣ ከዚያ ይገለብጣል።

ስም ያለ መስተአምሩ (ከፊቱ ከሚመጣው «ለ» ወይም «ላ» ውጭ) ካርድ ላይ አይግባ። «ታብል» ብቻ ሳይሆን «ላ ታብል»፣ «ሊቭር» ብቻ ሳይሆን «ለ ሊቭር»። በአማርኛ ጠረጴዛውም መጽሐፉም ወንድ ሆነው ይነገራሉ፤ ፈረንሳይኛ ላይ ግን ጠረጴዛ ሴት ናት፣ ይህንንም ከቃሉ ጋር ካልሆነ በኋላ መለጠፍ አድካሚ ነው። የሴቱን ሥዕል በቀይ፣ የወንዱን በሰማያዊ ክፈፍ ቢያደርጉለት ዓይኑ ይይዘዋል።

አብዛኛው ሰው አንኪን የሚተወው በአንድ ምክንያት ነው። ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ ይሰጣል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ የቀኑ ክለሳ ከአዲሶቹ ከ7 እስከ 10 እጥፍ ይሆናል፤ 20 አዲስ ማለት በቀን ከ140 እስከ 200 ካርድ ነው። ለልጅ 5 ያድርጉት፤ ክለሳው ከ35 እስከ 50 ይሆናል፣ ከሰባት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ለሳምንት ከተቋረጠና ክለሳው ከተቆለለ፣ እስኪቀል ድረስ አዲሱን ወደ 0 ያውርዱት።

የፈረንሳይኛን ቃል በአማርኛ ፊደል ካርዱ ላይ አይጻፉ። እዚህ ለመግባባት እንጽፈዋለን እንጂ ፊደላችን ያሳስታል። «ኬል አዥ አ ቱ» መጨረሻ ላይ ያለው «ቱ» የእኛ «ቱ» አይደለም። ምላስ «ቲ» ለማለት እንደተዘጋጀ ይቆያል፣ ከንፈር ብቻ እንደ «ቱ» ይሾላል። በእኛው «ቱ» ከተባለ «ሁሉ» የሚል ሌላ ቃል ይሆናል። «ዱዛን» ላይም መጨረሻ ያለው «ን» ምላስ ጥርስ ሳይነካ በአፍንጫ ነው የሚወጣው።

የሁለት ልጆች እናት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ወረቀቱን ዛሬውኑ እጀምራለሁ። አንድ ነገር ቀረኝ፦ እድገታቸውን በምን ልለካ? ለቤት ትምህርት መዝገባችን የሚሆን ማስረጃም እፈልጋለሁ።

መምህር በሙያ

በወር አንድ ጊዜ ያንኑ አጭር ጽሑፍ፣ 60 ቃል ያህል፣ እያነበቡ ይቀዱ፤ ቀጥሎም ስለ አንድ ሥዕል ለአንድ ደቂቃ ሳያዩ ይናገሩ። ፋይሉን በቀኑ ስም ያስቀምጡት። የመጀመሪያውንና የአራተኛውን ወር ቅጂ አከታትለው ሲሰሙ ፈረንሳይኛ የማይችል ሰው እንኳ ልዩነቱን ይለያል።

ለወረቀት ማስረጃ ዴልፍ የሚባለው የፈረንሳይኛ ችሎታ ፈተና አለ። ለሕፃናት ዴልፍ ፕሪም፣ ለታዳጊዎች ዴልፍ ጁንየር ነው። ኤ1 በሚባለው የጀማሪ ደረጃ ላይ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍ፣ መናገር እያንዳንዳቸው ከ25 ይታረማሉ። ለማለፍ ከ100 50 ያስፈልጋል፣ ከአራቱ በአንዱም ከ5 በታች ማግኘት ደግሞ ይጥላል። ልጅዎ በአሁኑ አያያዟ በማንበቡ ደህና ልታመጣ ትችላለች፣ በመናገሩ ግን ትወድቃለች። ስለዚህ አቅም ከፈቀደ በሳምንት አንድ ቀን 30 ደቂቃ በቪዲዮ የሚያነጋግራት አስተማሪ ይጨምሩ። ከትምህርቱ በፊት ደብተሯ ላይ ያሉትን የሳምንቱን ዓረፍተ ነገሮች ፎቶ አንሥተው ይላኩለት፤ ውይይቱ ከእነሱ እንዲጀምር ይንገሩት። አለዚያ ሰዓቱ ሰላምታና ቀለም በመቁጠር ያልቃል። አካውንቱ በእርስዎ ስም ይሁን፣ በትምህርቱ ሰዓትም እዚያው ክፍል ውስጥ ይቀመጡ።