ጥቆማ፦ ሳይጽፉ ለኦንላይን ሱቅ ኮንቴንት ማውጣት፣ ለባልትና ሻጭ የቱ ያዋጣል?

ባልትና ሻጯ፣ ሳሪስ

ሰላም ለዚህ ቤት፣ ጥቆማ ፈልጌ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ሚጥሚጣና ተልባ ቤቴ አዘጋጅቼ በቴሌግራም ቻናልና በቲክቶክ እሸጣለሁ። በሙያዬ አልታማም፤ ከወፍጮ ቤቱ እስከ ማሸጉ ሁሉንም የምሠራው እኔ ነኝ። የሚያቅተኝ መጻፍ ነው። ስልኬን ይዤ እቀመጥና «ጥራቱን የጠበቀ ባልትና አለን» ብዬ እለጥፋለሁ። በሚቀጥለውም ሳምንት ያንኑ ነው።

አንዱ በወር ክፈይኝና ፔጁን እኔ ልያዝልሽ ይለኛል። ሌላዋ ለቲክቶከር ከፍለሽ አስተዋውቂ ትላለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ በቻትጂፒቲ እጽፍልሻለሁ ብሏል። የሞከራችሁት ካላችሁ የቱ ይሻላል? «መጻፍ ተለማመጂ» የሚለውን ግን ተዉልኝ፣ ጊዜውም የለኝ።

አንድ መላሽ

ቻትጂፒቲ ወይ ጀሚናይ በቂ ነው። ነጻ ነው፣ አማርኛም ይጽፋል። ምን ብር ያስወጣሻል?

ጥልፍና ሸማ፣ ሺሮ ሜዳ

እህቴ፣ ወንድማችን ግማሹን ነው የነገረሽ። ይጽፋሉ፣ አይካድም። ግን ዝም ብለሽ «የሽሮ ማስታወቂያ ጻፍልኝ» ካልሽው ስለ ሽሮሽ የሚያውቀው ነገር ስለሌለ ለማንም የሚሆን ነገር ይሰጥሻል፦ «ወደር የለሽ ጣዕም»፣ «ለቤተሰብዎ የሚገባ ጥራት»፣ «ዛሬውኑ ይዘዙን!»፣ መጨረሻው ላይ የእሳት ምልክት ሦስቴ። ትናንት ሻምፖ ሻጩም እንደዚሁ ብሏል። ሰው ሳያነበው ያልፈዋል።

እኔ የሐበሻ ቀሚስ ነው የምሸጠው። መጻፍ ላይ ካንቺ አልሻልም፤ በየተራ ላወዳድርልሽ። ዋጋ አልጠራም፣ ዛሬ የጻፍኩት ነገ ውሸት ይሆናል።

ለኔ አንደኛው የድምፅ ትየባ ነው። ጂቦርድ የሚባለው የጉግል ኪቦርድ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ አማርኛ ሲናገሩት ይጽፋል። ቋንቋውን አማርኛ ታደርጊና ማይኩን ነክተሽ ታወሪያለሽ፣ በቃ። ግን «ማስታወቂያ ላውራ» ብለሽ አትጀምሪ፣ ድምፅሽ ወዲያው ራዲዮ ራዲዮ ይላል። ደንበኛ ደውላ «ሽሮው ምን አለው?» ስትልሽ እንዴት ነው የምትመልሽላት? «ሽምብራና አተር ነው፣ ባቄላ አልገባበትም። ነጭ ሽንኩርቱን አድርቄ ነው ያስፈጨሁት። ምጥኑ በርበሬ አለው፣ ነጩ ለልጆች ይሆናል። ውኃው ሳይፈላ እንዳትጨምሪው።» ይኸው ፖስትሽ! ከዚህ የተሻለ የሚጽፍልሽ የለም። ወፍጮ ቤት ውስጥ ሆነሽ ግን አትሞክሪው፣ ጫጫታ ሲኖር ቃሉን ይበላዋል። አራት ነጥቡን ራስሽ ጨምሪበት፣ ኪሎና ብር ያለበትን ቦታ ደግሞ ደግመሽ እዪው።

ቻትጂፒቲው የሚጠቅምሽ ከዚህ በኋላ ነው። ያወራሽውን ሰጥተሽ «አሳጥርልኝ፣ ፊደል አርምልኝ፣ ከራስህ ምንም አትጨምር» በይው። መጨረሻዋን እንዳትረሻት። አንድ ጓደኛዬ በእንዲህ ያለ መተግበሪያ የተልባ ፖስት አሳጥራ «የስኳር በሽታን ይከላከላል» የሚል መስመር ገብቶበት አገኘችው፤ እሷ አላለችም። የማስታወቂያ አዋጁ፣ ቁጥር 759/2004፣ አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። ማሽኑ ነው የጻፈው ብትዪ የሚሰማሽ የለም፣ የተለጠፈው ባንቺ ስም ነው። በተለይ ሽፈራው፣ ተልባ፣ ጥቁር አዝሙድ የምትሸጡ አስተውሉ።

በወር የሚከፈለው ሰው፦ ከሁሉም ውዱ እሱ ነው፣ ላንቺ ደግሞ ገና ነው። እኔ ያሠራሁት ሰው ለኔ የለጠፈውን ጽሑፍ የሱቅ ስም ብቻ ቀይሮ ለሌላ ቀሚስ ሻጭም ለጥፎት አገኘሁት። ጥልፉ፣ ጥለቱ፣ «በሽመና ጥበብ ያሸበረቀ» ምናምን ሁሉ አንድ ነው። የሷ ደግሞ የማሽን ጥልፍ ነበር! ሁሉም እንደዛ ናቸው አልልም። ግን ቤትሽ መጥቶ በርበሬሽን ሳያሸት ስለ በርበሬሽ የሚጽፍ ሰው ከየት ያመጣዋል? ትዕዛዙ በዝቶ ስልክ ማንሳት ሲያቅትሽ ያኔ ሰው ቅጠሪ፤ ያኔም መልስ የሚመልስልሽን እንጂ የሚጽፍልሽን አይደለም።

ቲክቶከር፦ ብዙ ተከታይ ያለው ላንቺ ምንም ላይሆን ይችላል። ኮሜንቱን ክፈቺና እዪ። ልብና «አንደኛ» ብቻ ከሆነ እለፊው። «የት ይገኛል? ስንት ነው?» የሚሉ ካሉ ገዢ አለው ማለት ነው። ሽሮሽን ይዞ የሚስቅ ሳይሆን ሠርቶ የሚበላ ይሁን፣ ቪዲዮውንም አንቺ ቻናልሽ ላይ መልሰሽ እንድትለጥፊው ከመክፈልሽ በፊት ተስማሚ። ካልተስማማሽ በማግስቱ ምንም አይቀርልሽም።

ቡስት (ፖስትሽን ለብዙ ሰው እንዲያሳይልሽ ለመተግበሪያው መክፈል)፦ ክፍያው በዶላር ነው፣ ሐምሌ 2016 ላይ ብሩ በገበያ ይወሰን ከተባለ ወዲህ በብር ሲመታ ያስደነግጣል። መጀመሪያ በነጻ ለጥፈሽ ትዕዛዝ ያመጣልሽን ፖስት ብቻ ቡስት አድርጊ። ያልሸጠን ፖስት መግፋት ብር ማቃጠል ነው።

ከሁሉ የሚያስገዛው ግን የደንበኛ ቃል ነው፣ ለሱም መጻፍ የለብሽም። «ያንቺ በርበሬ ወጡን አላቀጠነብኝም» ብላ የላከችልሽን መልእክት ስክሪንሾት አድርገሽ ለጥፊ። ግን አስፈቅጂ፣ ስሟንና ስልኳንም ሸፍኚ። አሁን የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ፣ ቁጥር 1321/2016፣ አለ፤ አዋጁ ባይኖርስ የሰው ገመና አይደል።

የእህትሽ ልጅ ካሜራ ይያዝልሽ። ጽሑፉን ተዪው።

ቪዲዮ ቆራጭ

እትዬ፣ እኔ በዚሁ ሥራ ነው የምተዳደረው፣ ስለዚህ ለገበያዬ የማይጠቅም ነገር ልናገር ነው። እንደ እርስዎ ላለ ሥራ ጽሑፉ ሁለት መስመር ካለፈ በዝቷል። የበርበሬው ሥራ ራሱ ይታያል፦ ዛላው ሲቀነጠስ፣ ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ሲደለዝ፣ ፀሐይ ላይ ሲሰጣ፣ ኮረሪማው ሲፈለፈል፣ ከወፍጮ ሲወጣ። እያንዳንዱን ስልኩን አቁመው፣ እጅዎን ሳያንቀሳቅሱ፣ አሥር አሥር ሰከንድ ይቅረጹ። ሙዚቃ አይጨምሩበት፣ የሙቀጫው ድምፅ ይበቃል። ሰው እኮ ድምፁን ሰምቶ ነው እናቱ ትዝ የምትለው።

መብራት ላይ ይጠንቀቁ። በቢጫ አምፖል ሥር ምንም ዓይነት በርበሬ አሮጌ ይመስላል። ጠዋት በመስኮት አጠገብ፣ ነጭ ሰፌድ ወይም ነጭ ሳህን ላይ ያድርጉት። የካሜራውን መስታወት ደግሞ ይጥረጉ፤ ባልትና የሚሠራ ሰው ስልክ ሁልጊዜ ዘይት አለው (ይቅርታ፣ ግን እውነት ነው)።

መቁረጡን ካፕካት ላይ የእህትዎ ልጅ በቀላሉ ይለምደዋል። ዋጋና ግራም ፎቶ ላይ ለመጻፍ ፒክስልላብ ጥሩ ነው፣ የራስዎን ፎንት (የፊደል ቅርጽ) ያስገባል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ ያውርዱ፣ ሁለቱም ነጻ ናቸው። ካንቫም ቆንጆ ነው፣ የራስን ፎንት ማስገባት ግን የሚከፈልበት ላይ ነው። ፎንቱ ግዕዝ የሌለው ሲሆን ፊደሉ ሳጥን ሳጥን ይሆናል፣ ያንን እንደዛው የለጠፉ ስንት ሱቆች አይቻለሁ።

ሰው ካሠሩም በወር ሳይሆን በቪዲዮ ይዋዋሉ፣ ጥሬ ቪዲዮውም የእርስዎ ይሁን። ለሠራተኛው ሲልኩ በፋይል መልክ ይላኩ፣ እንደ ቪዲዮ ከላኩት ቴሌግራም ጥራቱን ይቀንሰዋል። የቲክቶክ ፓስወርድ ለማንም አይስጡ። ቴሌግራም ላይ ደግሞ አድሚን ሲያደርጉት መለጠፍ ብቻ ፈቅደው ሌላውን ሁሉ መዝጋት ይቻላል። ቻናላቸውን በዚህ ያጡ ሰዎች መጥተው «አስመልስልኝ» ይሉኛል፣ ከየት አባቴ አመጣዋለሁ።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሜሪካ

እህቴ፣ እኔ ከገዢ ወገን ነኝ። በርበሬና ሽሮ ሰው ሲመጣ ነው የማስመጣው። እንደኛ ላለ ሰው ሁለት ነገር ልንገርሽ።

«ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለውን ተዪ፣ እባክሽ! እኔ ሥራ ቦታ በእረፍቴ ነው የማየው። ጠይቄ፣ ጠብቄ፣ «ሰላም ውዴ» ተብዬ፣ ከዚያ ዋጋ ሲመጣ እረፍቴ አልቋል። ኪሎው ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደተፈጨ፣ ጨው እንዳለውና እንደሌለው፣ በርበሬው የማረቆ ይሁን የአላባ፣ እዚያው ፎቶው ላይ ይጻፍ። ይሄ ጽሑፍ አይባልም፣ ምልክት ነው። የእህትሽ ልጅ አንዴ ይሥራልሽና ቁጥሩን ብቻ እየቀየርሽ ትጠቀሚበታለሽ።

ምን ልለጥፍ የሚለውን ደግሞ ጾሙ ይነግርሻል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ይገባል፣ የነቢያት ጾም ኅዳር 15። ሽሮውን ጾሙ ከገባ በኋላ ብትለጥፊው ለአዲስ አበባ ይሆናል፤ ለኛ ግን ሻንጣ የሚይዝ ሰው መፈለግ ስላለብን ወር ቀደም ብለሽ አስታውሺን። ለሙስሊም ደንበኞችሽም ከረመዳን በፊት እንደዚሁ። ሰዓቱን ካነሳን፣ እናንተ ጋ ማታ 2 ሰዓት ላይ የለጠፍሽው እኛ ጋ ምሳ ሰዓት ላይ ነው የሚደርሰው። ቴሌግራም ላይ የመላኪያውን ቁልፍ ተጭነሽ ስትይዢው ሰዓት መርጠሽ ማስቀመጥ ትችያለሽ።

እኔ አሁን የምገዛባት ሴት አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም። የድምፅ መልእክት ነው የምትለቀው፦ «ዛሬ በርበሬው ወጥቷል፣ ትንሽ ያቃጥላል፣ ልጅ ያለው ሰው የድሮውን ይዘዝ።» ያቃጥላል ብላ እውነቱን ስለነገረችኝ ነው የገዛሁት።

ባልትና ሻጯ፣ ሳሪስ

ተባረኩ! የወር ክፍያውን ትቼዋለሁ። ቲክቶከሩንም ለፋሲካ አየዋለሁ። ድምፄን መልቀቅ ግን አፈርኩ፣ የገጠር ልጅ ነኝ፣ አነጋገሬ ያስታውቃል። ደግሞ አንድ የቀረ ነገር፦ የሚገድለኝ ፖስቱ ብቻ አይደለም፣ መልስ መጻፉም ነው። «ዴሊቨሪ አለ? የት ናችሁ? ስንት ነው?» ቀኑን ሙሉ።

ጥልፍና ሸማ፣ ሺሮ ሜዳ

የገጠር ልጅ ስለ ባልትና ስታወራ ነው የሚታመነው፣ የቦሌ ልጅ ብትሆኚ ነበር የምታፍሪው፤ ቀልዴን ነው። ከድምፅ ጀምሪ፣ ከዚያ ቴሌግራም ላይ ያለችውን ክብ ቪዲዮ ሞክሪያት። አንድ ደቂቃ ድረስ ትይዛለች፣ ፊትሽን ባትፈልጊ ካሜራውን ወደ በርበሬው አዙሪው።

ለመልሱ፣ ዋትስአፕ ቢዝነስ አውርጂ፣ ነጻ ነው። የዘወትር መልሶችሽን አንዴ ታስቀምጫለሽ፣ ከዚያ በአጭር ምልክት ብቻ ሙሉው ይወጣል። ካታሎግም አለው፣ ፎቶና ዋጋ ደርድረሽ ሊንኩን ትልኪያለሽ። የውጪና የዓረብ አገር ደንበኛ እሱ ላይ ነው ያለው። ቴሌግራምም ይሄን አምጥቷል፣ ግን ፕሪሚየም ለሚከፍል ነው፤ አሁን አያስፈልግሽም። ቻናሉ ላይ ዋጋ፣ ሰፈር፣ የማድረሻ ቀንና የቴሌብር ቁጥር ያለበትን አንድ መልእክት ፒን አድርጊው። ያንን መልእክት ጂቦርድ ላይ አውርተሽ አውጪውና እዚህ ለጥፊው፣ ፊደሉን እኛ እናይልሻለን።