ጆይስቲኩ ኤምዲኤፉ ላይ አልጸና አለኝ

ለሁለት ሰው የሚሆን የአርኬድ (እንደ ጌም ቤት ማሽን ያለ የቪዲዮ ጌም) መጫወቻ ሰሌዳ ቤት ውስጥ እየሠራሁ ነው። ሰሌዳው 18 ሚሊ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የተሠራ ጣውላ)፣ ጆይስቲኮቹ (በእጅ የሚንቀሳቀሱት የመጫወቻ ዱላዎች) ሳንዋ ጄኤልኤፍ የሚባለው ሞዴል፣ በተኖቹ ባለ 30 ሚሊ። የበተኖቹ ነገር አልቋል።

ችግሩ ጆይስቲኩ ነው። ከሥር በቀጥታ ሳስረው ዱላው በእንጨቱ ውፍረት ተውጦ አጠረ፣ አናቱ ላይ ያለችውን ኳስ በጣት ጫፍ ካልሆነ መያዝ አይቻልም። ስለዚህ ከሥር በራውተር (በእንጨት መቦርቦሪያ ማሽን) ቦርቡሬ 5 ሚሊ ያህል አስቀረሁ። ቁመቱ ተስተካከለ፣ ግን አራቱ ቪቴዎች የሚነክሱት ነገር አጡ። ጨዋታው ሞቅ ሲል (ያው የድብድብ ጌም ነው፣ ማን በቀስታ ይጫወታል) ኤምዲኤፉ እየተፈረፈረ ቪቴው ይወጣና ጆይስቲኩ ይወዛወዛል። ቀዳዳዎቹን በኮላና በሰጋቱራ ሞልቼ ደግሜ አሰርኩት፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ሆነ።

አሁን ያሰብኩት ከላይ አናቱ እንጨቱ ውስጥ የሚቀበር ባለ 4 ሚሊ ብሎን አስገብቼ፣ ከሥር በራንዴላና በዳዶ አጥብቄ፣ ላዩን በስቲከር መሸፈን ነው። የሚያሰጋኝ ለብሎኑ አናት ስቆፍር የሚተርፈው እንጨት ነው። ሰሌዳውን እንደ አዲስ መቁረጥ ደግሞ አልፈልግም፣ የበተን ቀዳዳዎቹ ብዙ ለፍቼባቸዋለሁ።

እንዲህ ያለ ሰሌዳ የሠራችሁ፣ 5 ሚሊ ኤምዲኤፍ ብሎኑን ይችለዋል ወይስ ላዩ ላይ 2 ሚሊ ላሜራ ልደርብበት?